«እህቴን ምረጥልኝ» የሚለው ሊንክ ከቴሌግራማችሁ ምን ይወስዳል? ስልኩ መንገድ ላይ ቢጠፋስ?

«እህቴ ውድድር ላይ ናት፣ እስቲ ገብተህ አንድ ድምፅ ስጣት።» ይቺ መልእክት ያልደረሰችው የቴሌግራም ተጠቃሚ ያለ አይመስለንም። ከማይታወቅ ሰው ብትመጣ ማንም አይነካትም ነበር። ችግሩ የምትመጣው ከአብሮ አደጋችሁ ወይም ከክፍል ጓደኛችሁ አካውንት መሆኑ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ። ሊንኩ ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ይከፍትና «ለመምረጥ ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል። ቁጥሩን እንዳስገባችሁ ሌባው በራሱ ስልክ እናንተን ሆኖ ቴሌግራም ለመክፈት ይሞክራል። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ደንቡ የመግቢያ ኮዱን ለእናንተ ይልካል። ገጹ «የደረሰዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል፣ ታስገባላችሁ፣ አለቀ! «ሃክ ተደረግኩ» እንላለን እንጂ የተሰበረ ነገር የለም፤ ኮዱ የሄደው ከእጃችን ነው። ኮዱ የመጣበት መልእክት ራሱ ለማንም እንዳትሰጡ ያስጠነቅቃል፣ ግን ማን እስከ መጨረሻው ያነባል?

ከዚያ በእናንተ ስም ለወዳጅ ዘመድ ይጻፋል፦ «በናትህ 3 ሺህ ብር ላክልኝ፣ ባንክ አፑ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ነገ ጠዋት እመልስልሃለሁ።» ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ከመጣ ወዲህ ብር መላክ የሰከንድ ሥራ ሆኗል፤ ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለም። እንዲህ ያለ መልእክት ከደረሳችሁ ወደ ሰውዬው ደውሉ፤ በቴሌግራም ሳይሆን በቀጥታ ስልክ። ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ። ብሩ የሚላክበት ስም የሌላ ሰው ከሆነማ ነገሩ ግልጽ ነው።

አካውንታችሁ ተወስዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የቆዩትን ስልኮች ከአካውንቱ ማስወጣት አይችልም። እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና የማታውቁትን ስልክ በሙሉ አስወጡ። «ነገ አየዋለሁ» ካላችሁ ግን ተራው የእሱ ይሆናል። ቀጥሎ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ። ይህ ከኮዱ በተጨማሪ እናንተ ብቻ የምታውቁትን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ኮዱ ቢያመልጣችሁ እንኳ በሩ አይከፈትም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የእናታችሁን ስልክ እዩ። መቆለፊያ የለውም፤ የቴሌብር ቁጥሯ ኮንታክት ውስጥ «ፒን» ተብሎ ተቀምጧል (አትሳቁ፣ የእናንተም 123456 ሊሆን ይችላል)። «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ሲደወል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ፒኑ ሌላ ሰው እጅ ከገባ ያላት ብር ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በቴሌብር በስሟ ብድርም ሊወሰድ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አስጠኗት፦ ቁጥር ንገሪኝ ያለ ሁሉ ይዘጋበታል። ሽልማቱም ይቅር።

አሁን ወደ መንገድ እንውጣ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሀዋሳ ለመሄድ ግፊያው ውስጥ ናችሁ፣ ወይ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣችሁ ቲክቶክ ታያላችሁ። የቀማኛ ሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ብዙዎቻችን «ስልኬ ተቆልፏል፣ ምንም አያገኝም» ብለን እንጽናናለን። ሌባው ግን ስልኩን መክፈት ላያስፈልገው ይችላል። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ከከተተው በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ሁሉ እሱ ጋ ይደርሳል።

መፍትሔው የሲም ፒን ነው። በስልካችሁ ሴቲንግ ሴኩሪቲ ውስጥ «ሲም ሎክ» የሚል አለ። ስታበሩት መጀመሪያ የሲሙን ነባር ፒን ይጠይቃል፤ ሲሙን ስትገዙ ተነቅሎ የወጣበት ፕላስቲክ ላይ ከነ ፑኩ ተጽፏል። ፕላስቲኩ ከጠፋ በግምት አትሞክሩ፤ ሦስቴ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ፑክ ካልገባለት አይከፈትም። ከዚያ ፒኑን ራሳችሁ ቀይሩት። ስልኩ ተቆልፎም መልእክት ስክሪን ላይ እንዳይነበብ ኖቲፊኬሽኑን ደብቁ።

የሆቴል ዋይፋይና የመንገድ ቻርጀር በጣም ሲወራባቸው እንሰማለን። በእኛ እምነት ፍርሃቱ ተጋኗል፤ የከተማችን ትልቁ አደጋ ክፍት መስኮት ነው። ዋይፋዩ የቴሌግራም ኮድ ወይም ፒን ከጠየቃችሁ ግን ወዲያው ውጡ።

ከመንገድ በፊት *#06# ደውሉና የሚመጣውን 15 አኃዝ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የስልኩ መለያ ነው፣ ለፖሊስ ስታመለክቱ ይጠቅማል። ስልኩ ከተወሰደ በተገኘው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ 951ም አለ። ቀጥሎ ቁጥራችሁን በአዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ትጠየቃላችሁ። መታወቂያውን ስልኩ ከቨር ውስጥ የምታስቀምጡ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት።