ተጨማሪ መረጃ፦ የቫይረስ ጥቃትና ኦክሲዳቲቭ ጫና
ሴሎቻችን በኦክስጅን ኃይል ሲያመነጩ ጥቂቱ ኦክስጅን ወደ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ጤናማ ሴል እነዚህን በኢንዛይሞች ያከሽፋቸዋል። ቫይረስ ሲገባ ግን የማይቶኮንድሪያ ሥራ ይታወካል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ወራሪውን ለመግደል ሆን ብለው ሱፐርኦክሳይድ ይለቃሉ። ሳይከሽፍ የቀረው የሴል ሽፋንን፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን ይጎዳል። ይህ ኦክሲዳቲቭ ጫና ይባላል።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው የኬሻን በሽታ ነው። ይህ የልብ ጡንቻ በሽታ ስሙን ያገኘው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ከሚገኘው የኬሻን አውራጃ ሲሆን፣ የሚበረታውም አፈራቸው በሴሊኒየም ድሃ በሆኑ አካባቢዎች ነበር። ሴሊኒየም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃ የሚለውጠው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አካል ነው። ከሕመምተኞች ደግሞ ኮክሳኪ ቫይረስ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የሜሊንዳ ቤክና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ ልብን የማይጎዳ የኮክሳኪ ቫይረስ ዝርያ ሴሊኒየም ያነሳቸውን አይጦች ልብ ጎዳ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የታየው ነው፦ ከእነዚህ አይጦች የተወሰደው ቫይረስ በቂ ሴሊኒየም የሚመገቡትንም አሳመመ። የዘረመል ቅደም ተከተሉ ሲነበብ በ6 ቦታዎች ተለውጦ ተገኘ።