ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ወበቅ፦ ቢራና ጠላ በስንት ዲግሪ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1,300 ሜትር ገደማ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች ጠዋት ተጭኖ ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ ቁልቁል የወረደ ሣጥን ቢራ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ወደሚሞቅ አገር ይገባል። ከዚያም ወደ ሰሜን፣ ወደ ማጀቴና ወደ ሌሎቹ የይፋት ገበያዎች ተጉዞ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ይደረደራል። ለመሆኑ ይህ የ10 ዲግሪ ልዩነት በቢራው ላይ፣ በየቤቱ በሚጠመቀውም ጠላ ላይ ምን ይሠራል?

ስለ መጠጥ ሙቀት ስንናገር ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን እናደባልቃለን። አንዱ መጠጡ ሳይበላሽ በስንት ዲግሪ ይቀመጥ የሚለው ነው፤ ሌላው በስንት ዲግሪ ይቅረብ የሚለው። የመጀመሪያውን የሚወስነው ኬሚስትሪ ሲሆን ሁለተኛውን የሚወስኑት ምላስና ጋዝ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮል እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ለብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ጉዳዩ ከጽዋው ይልቅ የሳይንሱ መሆኑን እንገነዘባለን።

በቅድሚያ የፋብሪካውን ቢራ እንመልከት። ይህ ቢራ በአብዛኛው በሙቀት ታክሞ፣ ጥቃቅን ሕዋሳቱ ሞተው የታሸገ በመሆኑ በጠርሙሱ ውስጥ የሚያኮመጥጠው ሕያው ነገር የለም። የሚያስረጀው በቆርኪው ሥር የቀረው ጥቂት ኦክስጅን ነው። በመቆየት ብዛት ከሚፈጠሩት ውህዶች አንዱ ትራንስ-2-ኖኔናል ይባላል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ማይክሮ ግራም ያህል ብቻ ቢገኝ እንኳ ምላስ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕሙን ይለየዋል።

ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካላዊ አጸግብሮቶች ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚያድግ ከኬሚስትሪ ትምህርት እናውቃለን። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ሱቅ አንድ ወር የተቀመጠ ቢራ በደብረ ብርሃን ሁለት ወይም ሦስት ወር የተቀመጠውን ያህል ያረጃል ማለት ነው። በቢራ ሰዎች ዘንድ «3–30–300» የሚባል ልማዳዊ ሕግ አለ። ቢራ በ32 ዲግሪ 3 ቀን መቆየቱ፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 300 ቀን ከመቆየቱ ጋር እኩል ነው ይላል። ለማስታወስ ይመቻል፤ ሂሳቡን ለሚመረምር ተማሪ ግን የተጋነነ ነው። ከ22 ወደ 32 ዲግሪ ሲኬድ ፍጥነቱ 10 እጥፍ ሊሆን ነውና! በየ10 ዲግሪው 2.5 እጥፍ ያድጋል ብለን ብናሰላ፣ በ3 እና በ32 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት 14 እጥፍ ያህል ይሆናል እንጂ 100 እጥፍ አይደርስም። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ለማስቀመጥ የሚበጀው በተቻለ መጠን ቀዝቃዛ፣ ጨለማና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ ይልቅ የጓዳው ወለል ይመረጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ደግሞ በብዛት ገዝቶ ከማከማቸት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቢገዛ ይሻለዋል። ቀዝቅዞ የነበረ ቢራ ሞቆ እንደገና ሲቀዘቅዝ መጥፎ ሽታ ያመጣል የሚባለው ግን ምክንያቱን የሳተ ነው፤ ያ ሽታ የሚመጣው ብርሃን የጌሾን ቦታ የሚይዘውን የሆፕ ውህዶች ሲሰብር ነው። ቡናማ ጠርሙስ የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠላ ግን ሕያው ነው

የይፋት ቆላ የማሽላ አገር ነው፤ ጠላውም ከማሽላ ይጠመቃል። ጥንስሱ ተጠንስሶ ድፍድፉ ከተደፈደፈ በኋላ እርሾው በ30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ፈጥኖ ስለሚሠራ፣ ደጋ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው መብላላት በቆላ ቶሎ ይጠናቀቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እርሾው ሥራውን ሲፈጽም ተራው የባክቴሪያዎች ይሆናል። ከእነርሱ መካከል አልኮልን በኦክስጅን አማካይነት ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት እጅግ ይመቻቸዋል። የቆላ ጓዳ ሙቀትም ይኸው ነው።

ጠላ ሸጣ ለምትተዳደር እናት አንድ ጋን ሲኮመጥጥ የሚጠፋው እህሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶውና የብዙ ቀን ድካሟ ነው። ለማኅበር ወይም ለተዝካር የጠመቀ ቤትም እንግዳ ፊት ያፍራል። ጋን ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም። ሙቀቱን ብዙ መቀነስ ካልተቻለ የቀረው መንገድ ኦክስጅኑን መከልከል ነው፤ እናቶቻችን የጋኑን አፍ በጭቃ የሚመርጉትም ይህንኑ ያደርጋል። በወይራ ጭስ ማጠኑም ጎጂ ሕዋሳትን ይቀንሳል።

የሚያሳስበው ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። 60 ሊትር የሚይዝ ጋን እስከ ግማሹ ቢቀዳ፣ ባዶው ቦታ በ30 ሊትር አየር ይሞላል እንበል። ከዚህ ውስጥ ከ6 ሊትር በላይ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። ይህ ሁሉ በባክቴሪያዎቹ ቢሠራበት 13 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ ይወጣዋል፤ በቀረው 30 ሊትር ጠላ ሲበተን በሊትር ከ0.4 ግራም ይበልጣል። ይህ ደግሞ ምላስ በግልጽ የሚለየው መጠን ነው። ክዳኑ በተነሣ ቁጥርም አየሩ ይታደሳል። በመሆኑም ጠላው እንደደረሰ በ4 እንስራዎች አከፋፍሎ ሁሉንም መምረግና አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አለመክፈት፣ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ለመቀነስ ከመድከም የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሆኖም ጥቂት ዲግሪ የሚቀንስ ርካሽ ዘዴ አለ። ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሹፌሮች የውኃ ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልሉ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። በአንድ 20 ሊትር መጠጥ ዙሪያ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ የማይሞላ፣ ቢተንና ሙቀቱ ሁሉ ከመጠጡ ቢወሰድ መጠጡ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት ይህንኑ ሕግ ለአትክልት ማቆያ ተጠቅሞበት በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማትን አግኝቷል።

የዚህ ዘዴ ወሰን የአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ 34 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን በትነት እስከ 21 ዲግሪ ገደማ መውረድ ይቻላል። በክረምት 28 ዲግሪና 70 በመቶ ሲሆን ግን ከ24 ዲግሪ በታች አይወርድም። ደግነቱ እጅግ የሚሠራው እጅግ በሚያስፈልግበት በደረቁ በጋ ነው። እርጥቡን ጆንያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ይገባል፤ በተዘጋ ጓዳ ውስጥ አየሩ ቶሎ በእርጥበት ስለሚሞላ ትነቱ ይቆማል። ይህ ለቢራ ጠርሙስም፣ ቢራና ጠላ በማይገባባቸው የይፋት ቤቶች ለሚቀርበው ለቀሪቦም እኩል ያገለግላል።

ማቅረቡ

የፋብሪካ ቢራዎቻችን በአብዛኛው ላገር የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢቀርቡ ይመረጣል። ምክንያቱ ጋዙ ነው። በአንድ ሊትር ቢራ 5 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሟሙቶ ይገኛል። ጋዝ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ፣ በ5 ዲግሪ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት 1.8 አትሞስፌር ገደማ ሲሆን በ30 ዲግሪ ወደ 4 ይደርሳል። በቆላ የተከፈተ ሙቅ ቢራ አረፋው ጠረጴዛ ላይ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመንገዱ መንገጫገጭ ብቻውን ይህን አያደርገውም።

ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም ጣዕሙን ይሠውራል። በ2005 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በምላስ ላይ ጣፋጭነትን ለማስተላለፍ የሚረዳው ትርፕ-ኤም-5 የተባለ ፕሮቲን በቅዝቃዜ ሥራው እንደሚዳከም ታይቷል። በረዶ ሊሆን የደረሰ ቢራ ውኃ ውኃ የሚለው አንድም በዚህ ነው። ጋዙ ያነሰውና ጌሾው የጎላው ጠላ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢቀርብ ጣዕሙ ይወጣል፤ ስለዚህ ለጠላ እርጥብ ጆንያው ከማቀዝቀዣው የሚተናነስ አይደለም።

እንግዳ በድንገት ሲመጣ ጠርሙስን በረዶ ቤት ውስጥ አስገብቶ መርሳት የተለመደ አደጋ ነው። ቢራ ከዜሮ በታች በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ይረጋል፤ ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ጠርሙሱ ይፈነዳል። በባልዲ ውኃ ውስጥ በረዶና አንድ እፍኝ ጨው ጨምሮ ጠርሙሱን መንከር ይሻላል። ውኃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል፤ ጨው ደግሞ የበረዶውን መቅለጫ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ማቀዝቀዣው ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ ባልዲው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል።