አምቦ ስንት ባይት ናት?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሆለታንና ጊንጪን አልፎ አምቦ የሚገባ መንገደኛ የከተማዋን ስም በሁለት ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል፤ በቁቤና በግዕዝ። ለአንባቢ ሁለቱም አንዲት አምቦ ናቸው። ኮምፒውተር ዘንድ ግን በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ የቁቤዋ 5 ባይት፣ የግዕዟ 9 ባይት ትይዛለች።

ይህን ለማየት ፓይተን የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። እንደ ፓይተን ያሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች ለመጻፍ ቀላል ናቸው፤ ፍጥነት የሚጠይቀውን ከባድ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠሩላቸው በሲ ቋንቋ ተጽፈው አስቀድመው ኮምፓይል የተደረጉ ላይብረሪዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ፓይተን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ2.5ኛው ዕትሙ ጋር፣ ሲታይፕስ የሚባል አስተርጓሚ አብሮት ይመጣል። በእሱ በኩል የሲ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ስትርሌን የሚባል ፈንክሽን ጠርተው «አምቦ» የሚለውን ቃል በዩቲኤፍ 8 ቢሰጡት 9 ብሎ ይመልሳል። ስትርሌን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ጉደርም ጊንጪም ሆለታም 9 ናቸው፤ ባኮና ጌዶ 6።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ቀና ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮምፒውተር ሲቀየር ነው።

በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ የምትማር አንዲት ተማሪ በሲ የጻፈችውን ላይብረሪ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል አድርጋ፣ ከሚጠራው የፓይተን ስክሪፕት ጋር በፍላሽ ይዛ ወደ ጓደኛዋ ሄደች እንበል። የጓደኛዋ ላፕቶፕ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። የፓይተኑ ስክሪፕት እንዳለ ይከፈታል፤ ላይብረሪውን ሲጠራ ግን የፋይሉ አርዕስት ልክ አይደለም የሚል መልእክት ያወጣል። ዊንዶውስ የሚያውቀው ዲኤልኤል የሚባለውን የላይብረሪ ፋይል ዓይነት፣ ሊኑክስ ኤስኦን፣ ማክ ደግሞ ዳይሊብን ነው። የፋይሉን ስም መለወጥ አይጠቅምም፤ የውስጡ አሠራር ራሱ የተለያየ ነው። መፍትሔው የሲውን ኮድ ለየሲስተሙ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው።

ይህኛው ስህተት እንኳ ራሱን ይናገራል። የሚያስቸግረው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። አንዱ ገበያ ላይ የሚሰፈርበት ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር ላይተካከል እንደሚችል ገበሬ ያውቃል። ሲ ውስጥም ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ነው። ሰፊ ፊደል የሚባለውም ዊንዶውስ ላይ 2፣ ሊኑክስና ማክ ላይ 4 ባይት ስለሆነ፣ ያቺው አምቦ አንዱ ጋ 6፣ ሌላው ጋ 12 ባይት ትሆናለች። ከሁሉ የከፋው የመልሱ ነገር ነው። ሲታይፕስ ካልተነገረው በቀር የሚመለስለትን ሁሉ ባለ 32 ቢት ቁጥር አድርጎ ይቀበላል። ላይብረሪው የመለሰው ባለ 64 ቢት የሜሞሪ አድራሻ ከሆነ ግማሹ ይቆረጣል፤ ፕሮግራሙም አንዲት የፓይተን የስህተት መልእክት ሳያሳይ ሊሞት ይችላል። የመልሱን ዓይነት የምታስታውቅ አንዲት መስመር ቀድማ ብትጻፍ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ይህ የማገናኘት ሥራ ለኢትዮጵያ ፊደል እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፎንቶች በየራሳቸው የኮድ አደራደር ይሠሩ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዳንኤል ያዕቆብ የተባለ ፕሮግራመር ሊብኢት የተባለውን ላይብረሪ በሲ ጻፈ፤ ከአንዱ አደራደር ወደ ሌላው መቀየርን፣ የኢትዮጵያንና የጎርጎርዮሳዊውን ዘመን አቆጣጠር ማስላትን ጭምር። ከዚያ ፐርል በተባለው የስክሪፕት ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች እንዲጠሩት ኮንቨርት ኢትዮፒክ የሚል ሞጁል አዘጋጀለት። ስሌቱ በሲ አንድ ጊዜ ተጽፎ ስላለ የፐርል ጸሐፊ ሀ ብሎ መጀመር አላስፈለገውም። የግዕዝ ፊደል ራሱ በ1999 እ.ኤ.አ. የጋራ የኮድ አደራደር በሆነው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ፣ ሀ 1200 በሚል ባለ 16 መደብ ቁጥር የሰልፉ መጀመሪያ ሆና ተመዘገበች።