ሠራተኞቹ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከባዱ ውድድር ፕሪምየር ሊጉ ነው የሚል ሰው ከሥሩ ያለውን ሁለተኛ እርከን፣ ከፍተኛ ሊግን፣ በቅጡ አላየውም። በፕሪምየር ሊጉ አምስተኛ የወጣ ክለብ መልካም ዓመት አሳለፈ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው ከፍተኛ ሊግ ግን ክለቦቹ በሦስት ምድብ ተከፍለው ከርመው ያደጉት የየምድቡ አንደኞች ብቻ ናቸው። ለሁለተኛው የቀረለት ነገር ቢኖር በቀጣዩ ዓመት እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

ያን ዓመት ምድብ ለን በአንደኝነት የጨረሰው ወልቂጤ ከተማ ነበር። ከምድብ ሀ ሰበታ ከተማ፣ ከምድብ ሐ ሀዲያ ሆሳዕና አብረውት አደጉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘው የጉራጌ ዞን መዲና ስሟ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተጻፈ። ያኔ የዞኑ ሌላ ከተማ የነበረችው ቡታጅራም በስሟ የሚጠራ ክለብ በከፍተኛ ሊግ ነበራትና፣ ይህ ዕድል እዚያም ሳያስቀና አልቀረም።

የወልቂጤ ከተማ ቅጽል ስም «ሠራተኞቹ» ነው። ሀዋሳን በሐይቁ፣ አርባ ምንጭን በአዞው፣ ባሕር ዳርን በጣና ሞገድ የሚጠራው የኳስ ቤተሰብ ወልቂጤን በሥራ ጠራው፤ የጉራጌ ነጋዴዎችን ትጋት በመርካቶ ላየ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

ከድሉ በኋላ የመጣው ግን ግራ ያጋባል። የመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ዓመት፣ 2012፣ በኮሮና ምክንያት መሃል ላይ ተቋርጦ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን የለ፣ ወራጅ የለ። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ ተራ በተራ እንዲካሄዱ ተደረገ። «በሜዳው» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ደጋፊው ቡድኑ ቢያድግለትም ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ሊያየው ተገደደ። ለስርጭቱ ጥራት ሲባል የተደረገ ነው ቢባልም፣ ለእኔ ዋጋውን የከፈሉት እንደ ወልቂጤ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ናቸው።

በዚያው ዓመት ቡድኑ ከግርጌ ሦስቱ አንዱ ሆነ። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ባለመሳተፋቸው ክፍት ቦታ ነበርና፣ ከከፍተኛ ሊግ ከመጡ ክለቦች ጋር በሀዋሳ ተጨማሪ ውድድር ተደርጎ ወልቂጤ ተረፈ።

መትረፍ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ያስፈረማቸው ሰዎች ማንንም ያስገርሙ ነበር። አንዱ በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ካነሳው የአይቮሪ ኮስት ስብስብ ውስጥ የነበረው ግብ ጠባቂ ሲልቫን ግቦሁ ነው። ከታላቁ ቲፒ ማዜምቤ ወደ ወልቂጤ! ወሬው ግን ብዙ አልቆየም፤ ከአበረታች መድኃኒት ጋር በተያያዘ ፊፋ ጊዜያዊ እገዳ ጣለበትና ጥር ላይ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አመለጠው።

ሌላው ጌታነህ ከበደ ነው። የዋልያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ አምበል ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ሠራተኞቹ ተዛውሮ ለዚያው የአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ሄደ። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ባፉሳም ላይ ኢትዮጵያ በቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 ስትመራ የፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ጌታነህ አስቆጠረ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። ኢትዮጵያ ከዚያ ውድድር ያገኘችው ብቸኛ ነጥብ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ያስገኘው ነው።