ያውቁ ኖሯል? ከሰሜን ባሕር ሥር አገር ነበረ

እ.ኤ.አ. በ1931 ኮሊንዳ የተባለች የእንግሊዝ ዓሣ አስጋሪ መርከብ ከኖርፎክ ጠረፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መረቧን ስትስብ፣ ከዓሣው ጋር አንድ ጥቁር የአፈር ጓል ወጣ። ካፒቴኑ በአካፋ ሲመታው ብረት የነካ መሰለው። ጓሉ ሲሰበር ግን የተገኘው ከአጋዘን ቀንድ የተቀረጸ የጦር ጫፍ ነበር፤ ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው። በኋላ በተደረገ ምርመራ ዕድሜው ከ13 ሺህ ዓመት እንደሚበልጥ ታወቀ።

ከጦሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ጓሉ ነው። እንዲህ ያለው አፈር የሚፈጠረው ዕፅዋት በየብስ ረግረግ ውስጥ ሲከማቹ እንጂ በጨው ባሕር ውስጥ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ብዙው ውኃ በበረዶ ስለተያዘ የዓለም ባሕር ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይል ነበር። ብሪታንያም ከአውሮፓ ጋር በየብስ የተያያዘች ነበረች። አርኪዮሎጂስቷ ብራዮኒ ኮልስ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን የሰመጠ ምድር ዶገርላንድ አለችው።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ነዳጅ ፈላጊ ኩባንያዎች በድምፅ ሞገድ የሰበሰቡትን መረጃ ተጠቅመው ወንዞቹንና ሐይቆቹን በካርታ አስፍረዋል። መሬቱን ቀስ በቀስ የዋጠው የበረዶው መቅለጥ ነው፤ ከ8,150 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከኖርዌይ ጠረፍ የተናደው የባሕር ወለል ሱናሚ አስነሳ።

ዛሬም በሆላንድ ዳርቻ፣ ከባሕር ተዝቆ በተደለደለ አሸዋ ላይ የሚንሸራሸሩ ሰዎች የማሞዝ ጥርስ ያነሳሉ።