ከሞት የሚቀድም ጥያቄ

ትዳር በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዱስ ምሥጢር ነው፤ ቤትም ለባልና ለሚስት፣ ለልጆችም መጠጊያ ይሆን ዘንድ የተሠራ ነው። ዳሩ ግን መጠጊያ ሊሆን የሚገባው ቤት ለብዙዎች መሞቻ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ገለጠው፣ በ2023 ዓ.ም. ብቻ በመላው ዓለም 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባላቸው፣ በወዳጃቸው ወይም በቤተ ዘመዳቸው እጅ ተገድለዋል፤ ይኸውም በየቀኑ 140 ነፍስ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሞት በተሰማ ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ፣ ድንገት የመጣ ቍጣ ነው፣ ሰይጣን አሳሳተው ይላል። የሟቾችን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰው የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ሞት ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም፤ አስቀድሞ ምልክቱን ያሳያል፤ ምልክቱም በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ይታወቃል። ይህን ትምህርት ወደ ሥራ ከለወጡት ስፍራዎች አንዷ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት ናትና፣ አሠራርዋን ለአንባብያን ማቅረብ ይጠቅማል።

በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት መምህርት የሆኑት ጃክሊን ካምቤል፣ የተደበደበች ሴት ለሞት ምን ያህል እንደ ቀረበች የሚመዝን የጥያቄ ዝርዝር በ1980ዎቹ ዓመታት አዘጋጁ። በ2003 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋራ ባሳተሙት ጥናትም፣ በ11 የአሜሪካ ከተሞች በባል ወይም በወዳጅ የተገደሉትን ሴቶች ታሪክ፣ ተበድለው በሕይወት ከቀሩት ታሪክ ጋራ አነጻጸሩ። ደብዳቢው የጦር መሣሪያ በእጁ ሲኖር የሴቲቱ የመገደል አደጋ አምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። እገድልሻለሁ ብሎ መዛት፣ ሥራ ማጣት፣ ከሌላ የተወለደ ልጅ በቤቱ መኖሩ፣ ከሁሉም ይልቅ እንቅስቃሴዋን ሁሉ ከሚቈጣጠር ሰው መለየትዋ አደጋውን የሚያከብዱ ሆነው ተገኙ። በ2008 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናትም አንገትዋን አንቆ የለቀቃት ሰው በኋላ ሊገድላት የሚችልበት ዕድል ከሰባት እጥፍ በላይ እንደሚያድግ አስረዳ። አንገት መታነቅ ብዙ ጊዜ ቍስል አያሳይምና፣ ሴቲቱም ዘመድም እንደ ቀላል ነገር ይቈጥሩታል። ደግሞም ከተገደሉት ወይም ለጥቂት ከተረፉት መካከል የአደጋውን ታላቅነት አስቀድመው የተረዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «እርሷ ካልፈራች እኛ ምን አገባን» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሜሪላንድ ይህን ጥናት መሠረት አድርጋ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊሶችዋን አዲስ ሥራ አስተማረች። ፖሊስ በባልና በሚስት ጠብ ምክንያት ወደ አንድ ቤት ሲጠራ፣ የተበደለውን ወገን ለይቶ 11 ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ ሥርዓቱ ለተበደለ ወንድም ያው ነው። የፊተኞቹ ሦስቱ ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ እነርሱም በጦር መሣሪያ ጎድቷት ወይም አስፈራርቷት እንደ ሆነ፣ እርሷን ወይም ልጆችዋን ሊገድል ዝቶ እንደ ሆነ፣ እርሷም ራስዋ ይገድለኛል ብላ ትሠጋ እንደ ሆነ የሚጠይቁ ናቸው። ከነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎን» ብትል አደጋው ታላቅ ነው ይባላል። ለሦስቱም «የለም» ብትል፣ ከቀሩት ስምንት ጥያቄዎች ለአራቱ «አዎን» ማለትዋ ወደዚያው ፍርድ ያደርሳል። እነዚህም ስለ መታነቅ፣ ስለ ቅናት፣ ስለ መለየት፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ራሱን ለመግደል ስለ መሞከሩ፣ ተከታትሎ ስለ መሰለሉና ይህን ስለ መሰለው ሁሉ የሚጠይቁ ናቸው።

መልሱ ከባድ በሆነ ጊዜ ፖሊሱ ወረቀት ሰጥቶ አይሄድም። በዚያው ሰዓት የተበደሉትን ወደሚረዳ ድርጅት ስልክ ይደውላል፤ አደጋውንም ለሴቲቱ ገልጦ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋራ እንድትነጋገር ይመክራታል። በኦክላሆማ ግዛት ይህ አሠራር ተመርምሮ በ2014 ዓ.ም. በቀረበው ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱ ሴቶች ራሳቸውን ለመጠበቅ ይበልጥ እንደ ተጉ፣ የደረሰባቸውም ጥቃት እንደ ቀለለ ተገልጧል።

ጥያቄው መንገድ ካልተከተለው ከንቱ ይሆን ነበር። በሜሪላንድ የተበደለ ሰው ያለ ምንም ክፍያ ከፍርድ ቤት የመጠበቂያ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤት በተዘጋ ሰዓትም ተረኛ ባለሥልጣን ጊዜያዊውን ይሰጣል። ዳኛው በዳዩ ከቤት እንዲወጣና እንዳይቀርባት ያዛል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ሲሰጥም የጦር መሣሪያውን ማስረከብ ግዴታው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ እንዲህ ባለ ትእዛዝ ሥር ሆኖ ለሰው ሕይወት አስጊ መሆኑ የተረጋገጠበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ አጽንቶታል።

ከአገራቸው ርቀው ለሚኖሩ እኅቶቻችን ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ፤ ይኸውም «ወረቀትሽ በእጄ ነው፤ አስባርርሻለሁ» የሚለው ዛቻ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይህን ሰንሰለት ይፈታል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሚስት የሆነች ሴት፣ ጋብቻዋ እውነተኛ መሆኑንና በደል እንደ ደረሰባት ካስረዳች፣ ባልዋ ሳያውቅ በራስዋ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ልትጠይቅ ትችላለች። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራው የእርዳታ ስልክም 1-800-799-7233 ነው፤ አስተርጓሚ ይገኝለታል። ልጅን በእናቱ መከራ ላይ አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም።

በኢትዮጵያም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በ564ኛው አንቀጽ ወንጀል አድርጎታል፤ በአዲስ አበባም በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተጠቂዎች የሕክምናና የሕግ እርዳታ በአንድነት የሚያገኙበት ማዕከል ተቋቁሟል። ሕጉ ግን የሚቀጣው ከተደረገ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚደርሰው፣ ከዳኛና ከፖሊስ በፊት ነገሩን የሚሰማው፣ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌና ጎረቤት ነው።

እርቅ የክርስቲያን ጌጥ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በቃል መጋጨት ሌላ፣ የሞት ዛቻ ሌላ ነው። ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጠው «መትቶሻልን?» ቢሉ፣ እርሷ እውነቱን የተናገረች እንደ ሆነ ሌሊቱን ብቻዋን ትጋፈጠዋለች። ስለዚህ ብቻዋን ትሰማ፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ዛቻው፣ ስለ መታነቁ በግልጥ ትጠየቅ። ምልክቱ ከታየ ግን «ለልጆችሽ ብለሽ ተመለሺ» ማለት ይቅር፤ የተጠጋችበትም ስፍራ ለባልዋ አይነገር። መለያየት ራሱ አደጋውን የሚያከብድ ሰዓት ነውና፣ አወጣጥዋ በምስጢር፣ በምክርና በረዳት ይሁን፤ የእርሷና የልጆችዋ ወረቀቶችም በታመነ ሰው ዘንድ አስቀድመው ይቀመጡ።

ለባልም የንስሐ በር አልተዘጋም። ነገር ግን ንስሐው የሚለካው እርሷ በመመለስዋ ሳይሆን፣ እርሱ መሣሪያውን በማስረከቡ፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በማክበሩና በዝምታ በመራቁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለባል የሰጠው ራስነት ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ የሰጠበት ነው እንጂ፣ እጅ የሚነሣበት ሥልጣን አይደለም።

ሸሽታ የወጣችውን ሴት ትዕግሥት አጣች፣ ሃይማኖትዋ ደከመ የሚል ቢኖር፣ ሳኦል ጦሩን በቤት ውስጥ በወረወረበት ጊዜ ዳዊት ምን እንዳደረገ ያስታውስ፤ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አውርዳ አሸሸችው። እኛም በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። ሄሮድስ ሰይፉን ሳያነሣ ማስጠንቀቂያው ወደ ዮሴፍ መጣ፤ ዮሴፍም በሰማባት ሌሊት ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወጣ እንጂ፣ እስኪነጋ አልቆየም።