ሰንጠረዥ፦ ተራ ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ጨዋታ

በቼዝ ነጩ አንድ ጠጠር ያነሳል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። የነገሥታቱና የመኳንንቱ መዝናኛ በነበረው በእኛው ሰንጠረዥ ግን አጀማመሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ጊዜ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ያልወደደውንም መልሶ ያስተካክላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው።

ፈረስ እያየ ያደገ የባሌ ሰው ጉግስን ቢያስብ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጋላቢው የራሱን ፈረስ እየነዳ ዓይኑን ከባላጋራው ላይ አይነቅልም። በወረራም የሚያሸንፈው እጀ ፈጣኑ ብቻ አይደለም። ተቃዋሚው ፈረሱን ወዴት እንዳወጣ አይቶ የራሱን አሰላለፍ የሚለውጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ጠጠር መቼ እንደሚበላ የሚያውቅ ነው። ቸኩሎ የበላ ሰው ጦሩ ሳይሰለፍ ውጊያ ይከፍታል።

ጨዋታው ቢያንስ ከአፄ ልብነ ድንግል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1508–1540) ጀምሮ ይታወቃል፤ ንጉሡ ከአንድ ቬኒሳዊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፍራም ነበሩ፤ የተቃዋሚን ጠጠር የሚበላው ሰው ከቦታው በኃይል መትቶ ያስወግደው ነበር። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ስልሳ አራቱ ቤቶች በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይለያሉ። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ በሰፊው የጻፈልን የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተማሪ እንተወው ነበር። ግን የዛሬዎቹን የቼዝ ግራንድማስተሮች የሚያስጨንቀው ችግር እዚሁ፣ አጀማመሩ ላይ ነው። ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን እ.ኤ.አ. በ1997 ካሸነፈ ወዲህ የጨዋታው መክፈቻ በማሽን እየተመረመረ፣ ሊቃውንቱ ብዙውን እርምጃ ቤታቸው አጥንተው የሚመጡበት ሆኗል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ግን ቀደም ብሎ፣ የተሸመደደ መክፈቻን ሽሽት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በቦነስ አይረስ አዲስ ዓይነት ቼዝ አስተዋወቀ፤ የኋላው መስመር ጠጠሮች በዕጣ ይደረደራሉ፣ 960 አሰላለፎችም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን በ2022 ዘውዱን ለመከላከል እንደማይወዳደር አስታወቀ፤ የፊሸርን ዓይነት ጨዋታ ግን አጥብቆ ይደግፋል፣ በ2024 ጀርመን ውስጥ በተካሄደው ትልቅ ውድድርም አሸንፏል።

ለእኔ የሰንጠረዥ መፍትሔ ይበልጣል። ፊሸር አሰላለፉን ለዕጣ ሰጠው፤ ወረራ ግን ለሁለቱ ሰዎች ይተወዋል። የተቃዋሚህን እጅ አስቀድመህ ልትሸመድደው አትችልም።

ለመሞከር ተራ የቼዝ ዕቃ ይበቃል። ንጉሡን ከመሐል መስመሩ በስተቀኝህ፣ ፈርዙን ከጎኑ በስተግራ አስቀምጥ፤ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ፈርዝ የምንለው በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው ነው፤ ሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ ያለው ሳባ ሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ በመካከል ያለ ጠጠር አያግደውም። መደቅ፣ ማለትም እግረኛው፣ ከመጀመሪያውም አንድ አንድ ቤት ነው የሚራመደው። ፈረስና ግንብ ከምታውቀው አልተለወጡም፤ ንጉሥን በእነርሱ መግደል ግን እንደ ትልቅ ችሎታ አይታይም። የሚያስመሰግነው በደካሞቹ ጠጠሮች ንጉሡን ማት ማድረግ፣ ማለትም መውጫ ማሳጣት ነው።